ለእታፈራሁ የፈሰሰ ውሃ

አልተኛሁም። ጎህ ሊቀድ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከትናንት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ ሚያዝያ እዚህ እንዲህ ነው፣ ሰው በገዛ ላቡ ሲጠመቅ ያድራል። ከጣሪያው እንጨት ሥር የምትኖረው ትልቋ እንሽላሊት ጮኸች፣ ቆጠርኩላት፣ አምስት። ዘጠኝ ስትጮህ ደግ ነው ይላሉ አከራዬ እማማ ፕራኖም፣ እኔም ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እቆጥራለሁ፣ የደላንታ ልጅ፣ ጊዮርጊስ ደጅ ያደገ፣ የእንሽላሊት ጩኸት ቆጣሪ። ከታች የድስት ክዳን ተነሳ፣ የሩዙ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ወደ እኔ መጣ፣ እማማ ለመነኮሳቱ እየቀቀሉ ነው። ዛሬ ሶንግክራን ነው፣ ዓመት የሚለወጥበት፣ ውሃ የሚፈስበት ቀን፤ በእኛ ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ እግር የሚታጠብበት። ሁለቱ አንድ ላይ ገጠሙብኝ። ተነስ አንተ አምባው፣ ውረድና ንገራቸው፣ እላለሁ ለራሴ። አልነሳም።

የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ አጭር ነው፣ አራት ቃል አይሞላም። ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩት የዋሉት የደንገል ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ መነጽራቸውን አስያዙኝና ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ስም መጻፍ ጀመሩ። በሶንግክራን ማለዳ የሙታን ስም በወረቀት ተጽፎ፣ በሳህን ተደርጎ መነኮሳቱ ፊት ይቀርባል፣ ይጸለይበታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይቃጠልና ውሃ ይፈስላቸዋል። የባላቸውን ስም ጻፉ፣ የአባታቸውን፣ የእናታቸውን፣ መነጽራቸውን ከእጄ ወስደው አጠለቁና አራተኛውን በጥንቃቄ፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አድርገው፣ «እናት ኤታ» ብለው ጻፉ። ኤታ እናቴ ናት። እታፈራሁ ማለት አቅቷቸው ነው። እናቴ ደግሞ ደላንታ ውስጥ፣ በራሷ መደብ ላይ፣ ነፍሷ ከሥጋዋ ጋር ሆና ተኝታለች። ሳል ይዟት ከተኛች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ትርንጎ እህቴ አትደንግጥ ብላኛለች፣ ትርንጎ አትደንግጥ ካለች መደንገጥ ነው። የሕያው ሰው ስም ደግሞ እዚያ ሳህን ውስጥ ማንም በቀልድ እንኳ አይከትም፤ ሞትን ቀድሞ መጥራት ነው ይላሉ። ወረቀት ሰው አይገድልም፣ ክርስቲያን ነህ፣ እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ከሰው ጋር ስትኖር ግን ፍርሃታቸውም ያንተ ይሆናል።

ውሸቱ የእኔ ነው። ድንጋይ ሽጬ በሦስት ወር እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት፣ የእኛን አገር ኦፓል፣ እዚህ ቻንታቡሪ የከበረ ድንጋይ ገበያ ላይ ይፈለጋል ብለውኝ። በሁለተኛው ወር አባቴ ሞተ። እኔ ስሰማ አርባው ሊወጣ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ትርንጎ አለቀሰች፣ ከዚያ እማዬ ስልኩን ተቀበለች፣ እሷ አላለቀሰችም፣ «አባትህን አፈር ያለበሰው የጎረቤት ልጅ ነው» አለችኝ፣ ያችን ብቻ፣ እና ስልኩን መለሰች። ምን ይመለሳል? የምመልሰውን ስፈልግ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ መደወሉ ራሱ ሌላ ነውር ሆነብኝ፣ ቁጥሬን ቀየርኩ። በዚያው ሰሞን ነው የእማማ ፕራኖምን ፎቅ የተከራየሁት። እሳቸው እንደሆኑ ጠያቂ ናቸው፤ በልተሃል? ሚስት አለችህ? ለምን የለችህም? ይህ ፀጉርህ ሲታጠብ ይደርቃል? እናትህስ? አለች ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፣ ታዲያ ለምን አትደውልላትም ነው። «ሞታለች» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አልነበርኩበትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። እማማ የሚሠሩትን ምንጣፍ አስቀመጡ፣ አይዞህም አላሉኝም፣ «ምን መብላት ትወድ ነበር?» አሉኝ።

«ቆሎ» አልኩ። ወይ ጉድ፣ እናቱን ገድሎ ቆሎዋን የሚያስታውስ። «ምንድን ነው እሱ?» አሉ፣ የተቆላ ገብስ ነው አልኳቸው፣ ገብስ እዚህ የት ይገኛል፣ እሳቸው ግን ገብስ የሚመስል እህል ከአንዲት ቻይናዊት ሱቅ አግኝተው መጥበሻ ላይ አሳረሩትና፣ በሚቀጥለው የጨረቃ በዓል ከሩዙ ጋር በሙዝ ቅጠል ቋጥረው የመነኩሴው የምጽዋት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመሩ። ለሙት የሚደርሰው በመነኩሴው አፍ በኩል ነው። እና በየሳምንቱ፣ እህ፣ ስምንት ዓመት በየሳምንቱ፣ እማዬ ቆሎዋ አልተቋረጠባትም። አለቃው መነኩሴ፣ አባ ሶም፣ የቀሯቸው ጥርሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ዳም» አሉኝ፣ ጥቁሩ ማለታቸው ነው፣ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ፣ «ዳም፣ የእናትህ ጥርስ ምን ነበር፣ ብረት?» አሉኝ። ሳቅኩ። ሳቄን ስጨርስ ታምሜ ነበር።

ይህን ሁሉ ያደረጉልኝ ሰው ናቸው እንግዲህ። በየዘጠና ቀኑ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቤ እዚሁ ነኝ ማለት አለብኝ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ፎርሙን አጣምሜ ሞልቼ ከሰል መስዬ ስመለስ፣ ምንጣፋቸውን ጥለው ተከትለውኝ ሄዱ፣ ማራገቢያቸውን እያወዛወዙ ከጎኔ ተቀመጡ፣ ጸሐፊዋ ምንህ ናቸው ብትለኝ እሳቸው ቀደሙኝ፣ «እናቱ ስለሞተች እኔ ነኝ የምመጣው» አሉ። ጸሐፊዋ አዝናልኝ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወባ ይሁን ሌላ ያልታወቀ ትኩሳት ሲጥለኝ ሦስት ቀን ግንባሬን በጨርቅ ያበረዱት እሳቸው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማልበላ ሲያውቁ ድስት ለዩልኝ። መሳቢያ ውስጥ የደበቅኩትን የእማዬን ፎቶ አግኝተው፣ ፎቶ መሬት ላይ አይቀመጥም ብለው ተቆጥተው፣ ከባላቸው ፎቶ አጠገብ ከፍ አድርገው ሰቀሉት፣ አበባ ጣል አደረጉበት። እኔ ወልዳ ያሳደገችኝን ሞታለች ብዬ፣ እሳቸው ያላዩትን ሰው ስምንት ዓመት አበሉልኝ። እግዜር ይስጥልኝ የሚለውን በቋንቋቸው በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ፣ አይበቃም፣ አይደርስም።

ባለፈው መስከረም ደግሞ ከወገል ጤና የመጣ ነጋዴ ገበያው ውስጥ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ድንጋዩን ትቶ እኔን ያያል። «የእታፈራሁ ልጅ አይደለህም?» አለኝ። በማግስቱ ትርንጎ ቁጥሬን ከእሱ ተቀብላ ደወለች፣ ሰደበችኝ፣ አለቀሰች፣ ደግማ ሰደበችኝ፣ ከዚያ «እንኪ» ስትል ሰማሁ፣ የእማዬ ትንፋሽ መጣ። ስምንት ዓመት ጠፍቻለሁ። «በላህ?» አለችኝ። ልክ እንደ እማማ ፕራኖም፣ በላህ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እንነጋገራለን፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ አባቴ ግን ትንፍሽ አትልም፣ እኔም አልልም። እማማ ከታች ድምፄን ሰምተው ማነው ሲሉኝ እህቴ ናት እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ስልኩ የእህቴ ነው። ሰባት ወር እንዲህ ሆኜ አለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ቆሎውን ማን በላው ቢሉኝስ? ዕቃህን ያዝና ውጣ ቢሉኝ ይገባኛል፣ እኔ ብሆን ያን እል ነበር።

ነጋ። ወርጃለሁ። መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው በወንዙ ዳር ተሰልፈው ይመጣሉ፣ «እማማ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለኝ» አልኳቸው፣ «ጫማህን አውልቅና ሩዙን ያዝ» አሉኝ። ሩዙን ያዝኩ። ቋጠሮዋም አለች፣ የእማዬ ቆሎ። መነኮሳቱ አለፉ። «እማማ» አልኩ። «ባልዲውን ተሸከም» አሉኝ። ዛሬ አሸዋ ይመለሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መቅደሱ ግቢ በእግራችን እየረገጥን የወሰድነውን ከወንዙ ዝቀን እንመልሳለን፣ ክምር ሠርተን አበባ እንሰካበታለን። ሌላው ሰው የወሰደውን ሲመልስ እያየሁ ነበር የምሄደው። መንገድ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አፌን ስከፍት ወደ ኋላ ሳይዞሩ «አፍህ ሲያወራ ትከሻህ ይዘነጋል፣ አሸዋው እየፈሰሰ ነው» አሉኝ። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፣ ወረቀቶቹ ከዘምባባ ማራገቢያቸው ጋር እጃቸው ውስጥ ናቸው። ወረቀቶቹን ነጥቄ ወንዙ ውስጥ መወርወር አማረኝ። ጎልማሳ ነኝ፣ ፀጉሬ ከግንባሬ ሸሽቷል፣ እና የአሮጊት ወረቀት መንጠቅ አማረኝ።

የቤተ መቅደሱ አዳራሽ ሞልቷል። ወረቀቶቹ ሳህኑ ውስጥ ገቡ፣ ጸሎቱን ለሙታኑ የሚያደርስ ነጭ ክር ከሳህኑ ተነስቶ በመነኮሳቱ እጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ፣ አባ ሶም ጫፉን ያዙ። እኔ እግሬን ወደ ኋላ አጥፌ እማማ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሁልጊዜ እነሱ ሲጸልዩ እኔ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፣ ዛሬ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ። ዜማው ተጀመረ። በዚያ ክር ላይ የእማዬ ስም አለ። ደላንታ አሁን ጎህ እየቀደደ ነው፣ እየሳለች ነው። «እማማ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «እናቴ በሕይወት አለች።»

እጃቸውን እንዳጣመሩ «ምን አልክ?» አሉ።

«እናቴ አልሞተችም። ዋሽቼዎት ነው።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ እኔ ግን አልዞሩም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያልሞተችው?»

«ከመጀመሪያውም» አልኩ።

ኋላችን ያሉት ሴትዮ አንገታቸውን ሰገግ ሲያደርጉ ይታወቀኛል። «ሂድ አውጣት» አሉኝ እማማ።

«አሁን? እየጸለዩ እኮ ነው።»

«እኔ ሴት ነኝ፣ መነኩሴ እግር ሥር እጄን ልሰድ? አንተ ነህ የከተትካት፣ አንተ አውጣት።»

ከመነኩሴ በላይ ቆሞ አይኬድም፤ በጉልበቴ ዳኽኩ። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል፣ ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ወድቄ አላውቅም፣ ይኸው በሕማማት ስግደቴን እዚህ ጨረስኩት። አባ ሶም አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። ሌሎቹ ዜማውን ቀጥለዋል፣ እሳቸው ጎንበስ አሉና «ዳም፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«እናቴ፣ አባ። እዚህ ውስጥ ናት፤ ግን አልሞተችም።»

ኋላ አንዷ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁለተኛዋ። አባ ሶም አልሳቁም፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ብቻ ፈገግታ መሰል ነገር አፈኑ። «ታዲያ ካልሞተች እዚህ ምን ትሠራለች? አውጣት፣ ቶሎ» አሉና ክሩን በአንድ ጣታቸው ከፍ አደረጉልኝ። ፊደላቸውን በደንብ አላነብም፣ ያቺን ስም ግን አውቃታለሁ፣ ትናንት ስትጻፍ አይቻታለሁ፣ ምላስ ብቅ ተደርጎ። ከክሩ ሥር ስቤ አወጣኋት። ዳኼ ተመለስኩ። እማማ ወረቀቷን ተቀበሉኝ፣ አራት አጥፈው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቷት።

ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል እያንዳንዱ ከትንሽ የናስ ማንቆርቆሪያ ውሃ ወደ ሳህን እያንቆረቆረ ለሙታኑ ይልካል፣ ያልያዘ ሰው ደግሞ የያዘውን ሰው ክርን ነክቶ ይካፈላል። ስምንት ዓመት የእማማን ክርን ነክቻለሁ። ዛሬ አልደፈርኩም። እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ውሃውን አያለሁ፣ ለባላቸው ይወርዳል፣ ለአባት ለእናታቸው ይወርዳል፣ እኔ የማንም አይደለሁም፣ ዛሬ ማታ ዕቃዬን እሸክፋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ ከየት አገኛለሁ፣ እያልኩ ሳለ የእማማ ክርን መጣ። ሳይዞሩ፣ ማንቆርቆሪያውን ሳያቋርጡ፣ ክርናቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ጉልበቴ ዘንድ አደረሱልኝ። ነካሁት። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፣ ልይዘውም አልፈለግኩም።

መነኮሳቱ በልተው እንደጨረሱ እማማ አባ ሶም ፊት ቀረቡና «አባ፣ ስምንት ዓመት ያፈሰስኩት ውሃ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ቅር ብሏቸዋል። «ያሳረርኩትስ እህል?»

«እህሉን በድዴ ያኘክሁት እኔ ነኝ፣ እሱን እኔን ጠይቂኝ» አሉ አባ ሶም። «ምግባሩ ግን አይጠፋም። ለሕያው ሰው ከሆነ መንገር ያስፈልጋል። ሰምታ ደስ ካላት ያን ጊዜ ይደርሳታል። እስክትሰማ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።»

«ስምንት ዓመት ደጅ ቆሞ?»

«ቆሞ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ሲያዩኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። «ደውልላት» አሉ።

«ምን ብዬ?»

«ለእኔ ያልከውን።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለእማማ መናገር ነበር የፈራሁት፣ ለእማዬ መናገር ግን፣ ሞታለች ብያለሁ ብሎ ለሟቿ መንገር፣ ለታመመች ሴት፣ በጸሎተ ሐሙስ። እማማ ግን ወንዙ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ቁጭ አሉ፣ የያስሚን አበባ የተነከረበትን ውሃ ከፊታቸው አደረጉ፣ እስክደውል የሚነሱ አይደሉም። ደላንታ አንድ ሰዓት ከጠዋት ነው። ትርንጎ አነሳች፣ «ተሽሏታል፣ እሑድ ለሆሣዕናም ደግፌ ወስጃታለሁ» አለች። ከዚያ የእማዬ ትንፋሽ መጣ። «በላህ?»

«ጾም ነው እኮ እማዬ» አልኩና ነገርኳት። ሁሉንም፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ ቆሎውን፣ ወረቀቱን፣ ክሩን። ስጨርስ ከወዲያ ዶሮ ይጮሃል፣ እሷ ትስላለች።

«ሞታለች አልክ?»

«አልኩ፣ እማዬ።»

«በዚያች በተናገርኩህ ቃል ነው?» መልስ አልጠበቀችም። «እኔስ ስንት ጊዜ ምላሴን ነክሻለሁ መሰለህ። አንተ አፈር ስታለብሰው አልፈለግኩም፣ ከጎኔ ብትቆም ነበር የፈለግኩት።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ደግሞ ስለ ወረቀቱ አትፍራ። እሑድ ቄሱ ለሁላችንም በቁማችን ፍትሐት አድርሰውልናል፣ ፍትሐቴን ሰምቼ በእግሬ ቤቴ ገብቻለሁ።» ሳለች። «ሴትዮዋ ስሟ ማነው?»

«ፕራኖም።»

«ክርስትና ስሟ?»

«የላቸውም፣ እማዬ።»

ትንሽ አሰበች። «ይሁን፣ እግዜር በቤት ስሟም ያውቃታል። ፍራ... ምን አልከኝ?»

«ፕራኖም። እሳቸውም ያንቺን ኤታ ነው የሚሉት።»

«ደህና አድርጋ ነው የጠራችኝ። በጸሎቴ እይዛታለሁ በላት። ያፈሰሰችልኝን ተቀብያለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ አሜን ብላለች በላት።»

እማማ እጅጌዬን ጎተቱ። «ምን አለች?»

«ተቀብያለሁ፣ ደስ ብሎኛል አለች። አሜን አለች።»

«እሱ ጸሎት ሲያልቅ እንደምንለው እንደኛው ‹ሳቱ› ነው?»

«እሱው ነው።»

«አፏ ነው ያለው ወይስ አንተ ነህ?»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩትና እማዬን ድገሚልኝ አልኳት። «አሜን!» አለች፣ ጮክ ብላ፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚባል። እማማ እጃቸውን አጣምረው ለስልኩ ጎንበስ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ሰደው ወረቀቷን አወጡ፣ ቀደዷትና ትንንሹን ቁራጭ ወደ ወንዙ በተኑት፣ የውሃውን ጣሳ ለእኔ ሰጡኝ። በሶንግክራን ታናሽ በታላቁ እጅ ላይ ውሃ አፍስሶ ለዓመቱ በደል ይቅርታ ይጠይቃል፤ በየዓመቱ አድርጌዋለሁ፣ ይቅርታ የምጠይቅበትን ግን አንድም ጊዜ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ተንበረከክኩ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘረጉ፣ ደንገል የላጣቸው፣ ሻካራ መዳፎች።

«ይህኛው የእኔ ነው» አሉ ግራውን እያሳዩኝ። «ይህኛው የኤታ ነው። ከሷ ጀምር።»

በቀኛቸው ላይ አፈሰስኩ።

«ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?» አለች እማዬ ከምንጣፉ ላይ።

«እጅሽ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ ነው።»

ዶሮው ጮኸ። «እንግዲያ ቀስ በል» አለችኝ፣ «አትቸኩል።»